ለአቡ ሳልም መኪና ያነጠፍነው ወለል

ወደ ሳዑዲ ልሄድ ከአምቦ የወጣሁት ማታ ነው፤ ቀን ቀን መንገዱ በተቃውሞ ይዘጋ ነበር። አስፋልቱ ላይ ጎማ ይቃጠላል፣ ሲመሽ ደግሞ ደፋር ሾፌር ከተገኘ ይኬዳል። እኔ ያኔ መኪና ቀለም ቀቢ ነበርኩ። መንገድ ሲዘጋ መኪና የለም፣ መኪና ከሌለ የሚቀባ ነገር የለም፣ ባለ ጋራዡም አንድ ቀን በሩን ቆልፎ ወደ ዘመዶቹ ሄደ። እናቴ የገብስ ዱቄቱን በቅቤ አሽታ አንድ ጣሳ ጭኮ ሠራችልኝ። አላለቀሰችም። “ገመቹ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ የምትኖርበትን ቤት መስኮት አንድ ቀን በስልክ አሳየኝ፣ ሌላ አልልህም” አለችኝ። ለእሷ ጠባብ ቤት ችግር የለውም፣ መስኮት የሌለው ቤት ግን መጋዘን ነው። የኛ አንድ ክፍል ብትሆንም መስኮቷ ወደ ሁሉቃ ወንዝ ታያለች፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ሲጮህ እዚያው ተኝተን እንሰማዋለን። አዲስ ዓለም ከተማ እስክንደርስ ድረስ ጣሳውን ጭኔ ላይ አቅፌ ተጓዝኩ።

ሪያድ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ፈታሽ ጣሳውን ከፈተው። ከጎኑ የቆመ አንድ የኛ አገር ልጅ ያስተረጉማል።

“ይኼ ግሪስ ለምንድን ነው?”

“ግሪስ አይደለም፣ ምግብ ነው።”

በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተው። “ለምን ትበላዋለህ?”

እስቲ ለዚህ ምን ተብሎ ይመለሳል? ጣሳውን ቆሻሻ ውስጥ ጣለና ጣቱን በሶፍት ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። እዚህ አገር ከገባሁ ብዙ ነገር አስጠልቶኛል፣ የዚያን ሰውዬ የጣት አጠራረግ የሚያህል ግን የለም።

ያረፍኩት ከአምቦ ወዲያ ያለችው የካቺሲ ከተማ ሰው ከሆኑት ከኦቦ ፈይሳ ዘንድ ነው። ስልካቸውን የሰጠኝ የአምቦ ልጅ “ቤት አላቸው” ብሎኝ ነበር። ኦቦ ፈይሳ በዕድሜ ከአባቴ አይተናነሱም፣ የሕንፃ ጥበቃ ናቸው። ቤታቸው የተባለው አቡ ሳልም የሚባል ሳዑዲ የሚያከራየው የቪላው ጋራዥ ነው። አራት ሆነን በኮምፔርሳቶ ተከፋፍለን እንተኛለን። የብረቱ በር ከሰዓት በኋላ በእጅ አይነካም። ውስጡ የድሮ ዘይት፣ ካልሲ እና የአራት ወንድ ላብ ይሸታል። አምቦ ውስጥ በቀትር እንኳ ጥላ ስር ከገቡ ጃኬት ያስመኛል፤ እዚህ ጥላውም ያቃጥላል፣ ከቧንቧ የሚመጣው ውሃም ለሻይ የቀረበ ነው።

አቡ ሳልም ኪራይ ሊቀበል ሲመጣ አንድ ቀን፣ ትንሽ መስኮት ቢከፈትልን ብዬ በለመድኳት ዓረብኛ ጠየቅኩት።

“ይኼ የመኪና ቤት ነው” አለ። “መኪና መስኮት አይፈልግም።”

“እንግዲያው ኪራዩን መኪናዋ ትክፈለው በለው” አሉኝ ኦቦ ፈይሳ በኦሮምኛ። ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

“ምን አለ?” አለኝ አቡ ሳልም።

“አላህ ይስጥልን አለ” አልኩት።

ኋላ ላይ የጋራዥ ወለል የሚቀቡ ሰዎች ዘንድ ሥራ አገኘሁ። መኪና ቀቢ የነበረ ሰው የመኪና መቆሚያ መቀባት አያቅተውም። ይኼን የሰማው አቡ ሳልም አዲስ ነጭ መኪና ሲገዛ ወዲያው እኔ ጋ መጣ። መኪናዋ ጋራዥ ልትገባ ነው፣ እኛ ልንወጣ ነው። መከፋቴን አየና ከጋራዡ ጋር በግድግዳ የምትዋሰነውን የኋላ ክፍል አሳየኝ። መስኮት አላት! መስኮቷ የሎሚ ዛፍ ታያለች።

“ወለሉን አንተ ምረጥ፣ አንተ ሥራ። የመኪናዬ ጎማ ካልላጠው ይቺ ክፍል የእናንተ ናት።”

ዕለቱን እናቴ ጋ ደወልኩ። “በዚህ ሳምንት መስኮት ታያለሽ” አልኳት።

ቀለም መደብር አብረን ሄድን። እሱ በር ላይ የተደረደረውን ርካሽ ጣሳ አነሳ። እዚህ አገር ያለ ሐበሻ ሁሉ ይኼን ሥራ አንድ ቀን ይሠራው ይሆናልና ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ያ ስስ ቀለም ለበረሃ አይሆንም። መኪና ከጋለ አስፋልት ሲገባ ጎማው ቀለሙን ያለሰልሰዋል፣ ሲበርድ ይነክሰዋል፣ ጠዋት መኪናው ሲወጣ ቀለሙ ከቁስል ላይ እንደሚነሳ ፕላስተር ተከትሎት ይወጣል። ከታች ኤፖክሲ የሚሉት፣ ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ወፍራም ቀለም ይሁን። ኤፖክሲ ብቻውን ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው በሩ አካባቢ ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ከላዩ ፀሐይ የሚችል፣ ፖሊያስፓርቲክ የሚሉት መስተዋት መሰል ንጣፍ ይደረብበት። ከሁሉ በፊት ግን ሲሚንቶው በማሽን ይፋቅ፤ ታጥቦ ብቻ የተቀባ ወለል ዓመት አይሞላውም።

“ጥቁር ይሁን” አለ።

“ጥቁር ሙቀት ይይዛል።”

“አንተ ምን ቸገረህ? ከእንግዲህ አትተኛበትም።”

“ለመኪናዋ ብዬ ነው።”

ለመኪናዋ ስለው ወዲያው ገባው። ፈዛዛ ግራጫ ገዛ።

መሬቱ እርጥበት እንደሌለው ለማየት ላስቲክ ወለሉ ላይ ለጥፌ አሳደርኩ፤ ከሥሩ ውሃ ከተገኘ ንጣፉ በኋላ ይነፋፋል። ጠዋት ደረቅ ነበር። እዚያ ቤት ሲያልበን የኖርነው እኛ ብቻ ነን ማለት ነው። ከዚያ መፋቅ ጀመርኩ። የኦቦ ፈይሳ ፍራሽ የነበረበት ቦታ የሰው ቁመት ያህል ነጣ ብሎ ይታይ ነበር። ማሽኑ ሲሄድበት ብናኝ ሆኖ ተነሳና በቫኪዩም ተመጠጠ። ዓመታት የተኛሁበትን ቆሻሻ አንድ ከረጢት ውስጥ አስሬ አወጣሁት። እንደዚያ ቀን ራሴን ተጸይፌው አላውቅም።

የመጨረሻው ንጣፍ የፈሰሰው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች ዕቃው ሳይፈስ ባልዲው ውስጥ ይደርቃል። ወለሉ ውሃ መሰለ። ሁለቱ ጓደኞቻችን ሌላ ቦታ ሄደዋል፤ ኦቦ ፈይሳ ከሥራ ሲመጡ እኔ ወደ ኋላ እየሄድኩ በሩ ጋ ጨርሼ ነበር።

“እንዳይረግጡት” አልኳቸው።

አልረገጡም። በሩ ላይ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በእጃቸው ከአቡ ሳልም ግቢ የነጩት እርጥብ ሣር አለ። በኛ አገር ሽማግሌ ቤት ሲመርቅ በእጁ እርጥብ ሣር ይይዛል፣ ይኼን የማያውቅ የሸዋ ሰው የለም። “ዋቃዮ አምላካችን ይባርከው፣ የሚገባበት በሰላም ይግባ፣ የሚወጣውም በሰላም ይውጣ” ብለው በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁ። እኔም ለምዶብኝ “አሜን” እላለሁ። ከዚያ ሣሩን ወደ ውስጥ በተኑት።

“ኦቦ ፈይሳ! ምን ሆነዋል?”

ሣሩ እርጥቡ ንጣፍ ውስጥ ሰጥሟል። በእንጨት ላወጣው ብሞክር ወለሉን አበላሸዋለሁ፤ ደግሞም መያዝ ጀምሯል።

“ሰው ከኖረበት ቦታ ሳይመርቅ አይወጣም” አሉ ደንግጠው።

“ይኼ ደግሞ ሰው የኖረበት ነው?”

“እኛስ ማን ነን፣ ገመቹ?”

ንዴቱ ያዘኝ። መስኮቴን በእፍኝ ሣር ሲበትኑብኝ አየሁ። አቡ ሳልም መጣ።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“ሣር ነው።”

“ሣር መሆኑንማ አያለሁ! የኔ ሣር ነው!”

“ምርቃት ነው።”

“እኔ ቀለም ነው ያዘዝኩት። አንሳው!”

“አይነሳም።”

“እንዴት አይነሳም?”

“እንዳይነሳ አድርገህ ሥራው ያልከኝ አንተ ነህ።”

እጁን አወናጨፈ። “ኻላስ፣ በቃ! ክፍሏን ርሷት። በዚህ ሣር አጣችኋት።”

ኦቦ ፈይሳ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ፊቴን አዞርኩባቸው። ግቢው ውስጥ ያወጣናቸውን ፍራሾች እየጠቀለልን ሳለ የአየር ማቀዝቀዣ ገጣሚዎች መጡ። ለጋራዡ ነው፤ መኪናዋ እንዳይሞቃት። በቀጥታ ወደ ኋላዋ ክፍል ሄዱና መስኮቷን ከነፍሬሟ ነቀሏት፣ በቦታዋ የማቀዝቀዣውን ሞተር ሊሰኩና ቱቦውን በሚዋሰነው ግድግዳ ወደ ጋራዡ ሊያሾልኩ።

“እዚህ መሆኑን ማን ነገራችሁ?” አልኩት አንደኛውን።

“ባለቤቱ። ቀዳዳውን ባለፈው ሳምንት ለክቼዋለሁ” አለኝ።

ባለፈው ሳምንት! እኔ ለእናቴ መስኮት ታያለሽ ስላት ተለክቶ አልቆ ነበር። ዞሬ ኦቦ ፈይሳን አየኋቸው፤ ፍራሻቸውን ተሸክመው አሁንም መሬት መሬት ያያሉ። ፍራሹን ተቀበልኳቸው። የሰማሁትን ስነግራቸው “መኪናዋ ግን ተመረቀች” አሉ።

አሁን ያለሁት አንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከውሃ ፓምፕ ጎን ነው። ኦቦ ፈይሳ መኖሪያ ፈቃዳቸው አልቆ ተያዙና ወደ አገር ተላኩ። ሰሞኑን አቡ ሳልም ወለሉን ለጎረቤቱ እንዳስረዳለት አስጠራኝ። ሄድኩ። የተላጠ የለም፣ በሩ ጋ ቢጫ የሆነም የለም። ሣሩ ትንሽ ጠወለግ ብሎ መስተዋቱ ውስጥ እንደሰጠመ ተኝቷል። መኪናዋ ብርድ ውስጥ ቆማለች፤ እኔ ሹራብ አማረኝ።

“ሣሯ ታምራለች፤ ለኔም እንዲሁ ይሁንልኝ” አለ ጎረቤቱ።

“የኔ ሐሳብ ነው” አለ አቡ ሳልም፣ አይኔን እያየ።

“ሣሩን የሚሠራው ሰውዬ አገሩ ገብቷል” ብዬ ወጣሁ።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ።

“ኦቦ ፈይሳ ወደ ካቺሲ ሲያልፉ እኔ ጋ አድረው ነበር” አለችኝ።

“ምን አሉሽ?”

“የዓረቡን ቤት መርቀነው መጣን አሉኝ። ሣሩ አሁንም አለ?”

“አለ። አይነሳም።”

ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። “መስኮቱስ?”

“የለም፣ እማዬ።”

ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው በስልኩ ሰማሁ።

“ወይኔ በርበሬዬ! ውጪ ነው!” አለችና ስልኩን እንደተከፈተ መስኮቱ ላይ አስቀምጣው ሮጠች። ጎረቤቷን በኦሮምኛ ስትጣራ፣ ሰሌኑን ስትጎትት፣ በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ዝናቡ በረታ፣ ከእሱ ኋላ ሁሉቃ ይጮሃል። ስልኩን ረስታዋለች። እኔም አልዘጋሁትም።