«ቀስ» ተብሎ የተጻፈው ሙዚቃ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአዳማ

ወደ ልደታ የተነሳሁት ሰብለ ቫዮሊን ስትጫወት ለመስማት ነው። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ስትሳሳት ለመስማት ነው። መምህራችን ጋሽ መኩሪያ የደረሷቸው የቫዮሊን ሥራዎች አንዳቸውም ተቀርጸው አያውቁም። አንዴ በትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰሙ፣ ከዚያ አልጋ ሥር ሳጥን ውስጥ ገቡ። ጋሽ መኩሪያም ቅጂያቸውን ሳይሰሙ አረፉ። አሁን ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ወረቀቶቹን ለሰብለ ሰጥተዋት፣ እሷ ደግሞ ነገ እሑድ ሰንጋ ተራ ስቱዲዮ ገብታ ልትቀርጻቸው ነው። ለሰብለ! ከእኔ በኋላ ለመጣችው! የሰማሁ ቀን ምሳዬ አልወርድ አለኝ።

ሚኒባሱ በፈጣን መንገዱ ሲከንፍ ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን መስኮቱ ላይ ተለጥፌ አይ ነበር። ዛሬ ግን «ለምን እኔን አልጠሩኝም?» እያልኩ ቃሊቲ ደረስኩ።

አብነት፣ ቁርስ

ቀጥታ ልደታ መሄድ ስላስጠላኝ አብነት ወርጄ አንዲት ጠባብ ቤት ፉል አዘዝኩ። ዋጋው ካለፈው ጊዜ ጨምሯል፤ ሳህኑ ደግሞ አንሷል።

«ቃሪያ ላብዛልህ?» አለኝ ባለቤቱ።

«አብዛው፣ ተናድጃለሁ።»

«በሴት ነው?»

«በቫዮሊን።»

ሳቀብኝ። ዳቦ ግን ጨመረልኝ።

ልደታ

የጋሽ መኩሪያ ቤት ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው፤ በእግሬ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ሰብለ ናት።

«መጣህ፣ ቀናተኛው!»

«ማን? ባንቺ?» አልኩ፤ ድምፄ ራሱ አጋለጠኝ።

እትዬ አስካለ አገላብጠው ሳሙኝና «ደሬ፣ ከሳህ እኮ! አዳማ ምግብ የለም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ሰብለ ወረቀቱን ዘርግታ ጀመረች። መጀመሪያ አውታሮቹን በጣቷ እየነካካች ነው፤ ጥርት ያለ፣ ፈጣን። አንጀቴ አረረ። ቀጥላ ቀስቷን ስታነሳ ግን ነገሩ ሁሉ ተጎተተ፣ ለቅሶ ቤት መሰለ። ጠጋ ብዬ ወረቀቱን አየሁ። መጀመሪያው ላይ «ጣት» ይላል፤ ቀጥሎ «ቀስ.»።

ገባኝ። ጋሽ መኩሪያ ቃል ማሳጠር ይወዱ ነበር፤ «ቀስት» ለማለት «ቀስ» ብለው ነጥብ ያደርጋሉ። እሷ ቀስ ብለሽ ተጫወቺ ያሏት መስሏታል። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ! ዝም ብል ነገ እንዲሁ ተቀርጾ ይቀራል፣ ስሟም ከስህተቱ ጋር።

ስትጨርስ እትዬ አስካለ መሬት መሬት እያዩ ነበር። «ጥሩ ነው ልጄ» አሉ። «እሳቸው ሲጫወቱት ግን ያስቀኝ ነበር።»

ይሄኔ ዝም ማለት አቃተኝ።

«ሰብለ፣ ቀስ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ቀስት ነው። ነጥቧን አላየሽም? ቀስቱን አንሺ ማለታቸው ነው እንጂ ዝግ በይ አላሉም። ፍጥነቱ ያው የጣቱ ነው።»

ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። «ወይኔ ጉዴ! ነገ እኮ ልቀርጸው ነበር!» ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች፤ ቫዮሊኗን ዘረጋችልኝ። «የጋሼን ነገር የምታውቀው አንተ ነህ። ነገ አንተ ተጫወተው።»

ዳግም እስክትለኝ አልጠበቅኩም። ተቀብዬ በፍጥነቱ ጀመርኩ። ጣቶቼ ግን አምናና ካቻምና ለጀማሪ ተማሪ ሲያሳዩ የከረሙ ናቸው፤ መሃል ላይ ተወሳሰቡ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው።

«ጎበዝ» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ ለሕፃን እንደሚባለው።

ቫዮሊኑን መለስኩላት። «ያንቺው ይሁን» አልኩ። ተጫወተችው። ቀስቱ አውታሩ ላይ ሲዘል እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከት ብለው ሳቁ። «ይኸው! መጡ!» አሉ፣ በሩን እያዩ። እኔ ቅናት ሊገድለኝ ደረሰ።

አዳማ፣ ቤቴ

ማታ ስገባ ባለቤቴ ጫማዬን ሳላወልቅ ጀመረችኝ።

«እህ፣ እንዴት ተጫወተችው?»

«ከእኔ አስበልጣ።» ይህን ስል የመጀመሪያዬ ነው። የነጥቧን ነገርም አጫወትኳት።

«እና ቅናቱ ለቀቀህ?»

«የት አባቱ ይለቃል! ባሰበት እንጂ።»

«ታዲያ ስህተቷን ለምን ነገርካት?»

ጫማዬን እየፈታሁ አሰብኩበት። ጋሽ መኩሪያ የሚቀረጹት ምናልባት አንዴ ብቻ ነው።

«በእሷ መቅናት ለምጄዋለሁ» አልኳት። «እሳቸው ሲያለቅሱ መስማት ግን አልችልም።»