ስለ ራሷ ያልተናገረችው ሞግዚት

ይህ የሆነው አምና ጥቅምት ላይ ነው። ዛሬም ሰው ለሥራ ሲፈተን ባየሁ ቁጥር ያች ሴት ፊቴ ላይ ድቅን ትልብኛለች።

የምኖረው ቢቸና ነው። የልጅ ልጄ የሚውልበት የሕፃናት ማቆያ አንዲት ሞግዚት ሊቀጥር ሲል፣ ወላጆች ከፈታኞቹ ጋር እንድቀመጥ መረጡኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን አድልዎ ካየሁ ዝም እንደማልል ያውቃሉ።

ኃላፊው ጥያቄውን በወረቀት አዘጋጅቶ ነበር። «በሥራ ላይ ከባድ ነገር የገጠመሽን አንድ ቀን ንገሪን፤ ምን አደረግሽ?» ይላል። እኔም፣ «ለሁሉም ያው ጥያቄ። ከአፋቸው ከወጣው ውጭ ነጥብ የለም» ብዬ አስጠነቀቅሁ።

የመጀመሪያዋ ተፈታኝ ወጣት ልጅ ናት፤ አሳምራ ተረከች። ሁለተኛዋ ከሞጣ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ክፍሉ ቢሞቅም ነጠላዋን እስከ እጇ ተከናንባለች።

«እሠራበት የነበረው ማቆያ እሳት ተነሥቶበት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹ ተረፉ» አለች።

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«እኔማ ምን አደርጋለሁ፣ እማማ። ጎረቤቱ ሁሉ ደርሶልን ነው።»

ደግሜ ጠየቅኋት። አንገቷን ደፋች። ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ትንሽ እንርዳት እንዴ፣ እማማ?» አለኝ። «ያችኛዋን ረድተናታል?» አልኩት። ከአምስት አንድ ሰጠኋት። በዚያው ወደቀች፤ የመጀመሪያዋ ተቀጠረች።

ከወር በኋላ ለቅሶ ልደርስ ሞጣ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች እናት ልጇ ከእሳት እንዴት እንደተረፈ አጫወተችኝ። ሞግዚቷ ሦስት ጊዜ እየተመላለሰች፣ ሁለት ሁለት ሕፃን አቅፋ አውጥታለች። ስሟን ስትጠራ፣ እኔ ከአምስት አንድ የሰጠኋት ሴት ሆና ተገኘች።

«ክንዷ እኮ ተቃጥሏል። በነጠላ ነው የምትሸፍነው» አለችኝ።

ቤቷን አስጠይቄ ሄድኩና ይቅርታ ጠየቅኋት። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እርስዎስ ቢሆኑ የራስዎን ደግነት በራስዎ አፍ ያወሩት ነበር?»

 እኔም ያደግሁት ራሱን የሚያወድስ ሰው ያሳፍራል እየተባልኩ ነው። ያን እያወቅሁ ነው ዝም ስላለች የቀጣኋት።

ሥራውን ላሰጣት አልቻልኩም። የተቀጠረችው ልጅ በአግባቡ ነው የገባችው፤ ልጆቹንም በደንብ ትይዛለች። እሷን ማስወጣት ሌላ በደል ነው።

አሁን ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥ፣ «ያን ቀን አብሮሽ ማን ነበር?» የሚል ጥያቄ አስጨምሬአለሁ። ሄደን ያን ሰው እንጠይቃለን፤ የሁሉንም፣ ሳናበላልጥ።

ያች ሴት ግን እስካሁን ሥራ አላገኘችም። በእጄ የጻፍኩባት ያች «አንድ» ነጥብም የማቆያው ማኅደር ውስጥ እንዳለች ናት።