ከጀንበር በፊት ወይስ በኋላ
የዕብራውያንን የቀን አቆጣጠር ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ ብሎ የተነሳ ሰው ጣጣውን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ሥራ በፈለገ ነበር። ወሩ በጨረቃ ነው፣ ወቅቱ በፀሐይ፤ ሁለቱን ለማስታረቅ አንዳንዱ ዓመት ላይ አንድ ሙሉ ወር ይጨመርበታል። ይባስ ብሎ ቀኑ የሚጀምረው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት፤ ጀንበርን የት ያውቃትና!

ይህን መከራ የተሸከመችው ባልደረቦቿ «መርማሪዋ» የሚሏት ሴት ናት። ሃምሳን ተሻግራለች። ስህተት ካሸተተች አትለቅም ነበር፤ ሰሞኑን ግን ማሽተቱም ሰልችቷታል። ወገቧ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ዓይኗ ደም ለብሷል፣ ሻይ ቀድታ ጠረጴዛዋ ላይ ትረሳዋለች። ፕሮግራሙን ያሠራው አንድ የአይሁድ ምእመናን ማኅበር ነው። የሟቻቸው ሙት ዓመት ሲደርስ ለቤተሰቦች «ዛሬ ማታ ሻማ ያብሩ» የሚል መልእክት በስልክ ይልካል። ቤተሰብ ሟቹ ያረፈበትን ቀን ይሞላል፤ ከሥሩ «ከጀንበር በፊት ወይስ በኋላ?» የሚል ጥያቄ አለ። ከጀንበር በኋላ ያረፈ ለማግስቱ ቀን ይቆጠራልና፣ መልሱ ከተሳሳተ ሻማው በማይሆን ቀን ይበራል ማለት ነው።

ሁሉም ተሞክሮ ካለፈ በኋላ ለምርቃት ያህል የአባቷን ቀን አስገባች። ምነው በቀረባት! አባቷ ካረፉ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ እናቷ እንደነገሯት ያረፉት ቀትር ላይ ነው። «በፊት» የሚለውን ተጫነች። ፕሮግራሙ «ሰኞ ማታ» አለ። እናቷ ግን በቀደም ደውለው «ማክሰኞ ማታ እንዳትቀሪብኝ» ብለዋት ነበር። የዓምናውን አየች፣ የካቻምናውንም። ሁልጊዜ እናቷ በአንድ ቀን ይዘገያሉ።

«ወይ አበሳዬ!» አለችና ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። እናቷ በዚህ ነገር አይሳሳቱም፤ እንግዲህ የተሳሳተው የእሷ ሥራ ነው።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱን መስመር አገላበጠች፤ የሌላ ሰው ቀን ስታስገባ ልክ ይመጣል፣ የአባቷ ሲሆን አሻፈረኝ ይላል። አለቃዋ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ለአንድ ሰው ብለሽ ነው እንዴ? ልቀቂውና እንገላገል!»

«አንዱ ከተሳሳተ ሌላው ላለመሳሳቱ ምን ዋስትና አለኝ?» አለችው። «ስንቱን ቤት በማይሆን ቀን ሻማ ላስበራ?»

እሁድ አውቶቡስ ተሳፍራ እናቷ ዘንድ ሄደች። ረጅም መንገድ ነው፤ ስትደርስ እግሯ አብጧል። እናቷ ከገመድ ያወረዱትን አንሶላ ሊያጥፉ ሲታገሉ አገኘቻቸውና አንዱን ጫፍ ያዘችላቸው።

«እማዬ፣ አባዬ ያረፈው በትክክል መቼ ነው?»

«ነግሬሽ የለ? ቀትር ላይ።»

«እንግዲያው ሻማውን ሰኞ ነበር ማብራት ያለብሽ። ማክሰኞ የምታበሪው ያረፈው ከጀንበር በኋላ ከሆነ ነው።»

የእናቷ እጅ ቀጥ አለ። አንሶላው መሃሉ ወለሉን ነካ።

«ኮምፒውተርሽ ነው ያለሽ?»

«አዎ።»

«አቤት፣ ምን ያለው አሳባቂ ነው!» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ሲመሽ ነው ያረፈው፣ የኔ ልጅ። አንቺ ጠዋት ደውለሽ መድከሙን ስነግርሽ ‹ሥራዬን ጨርሼ እመጣለሁ› አልሽ። ሌሊት ስትደርሺ ፊትሽን አየሁትና አንጀቴ አልቻለም። ቀትር ላይ ነው አልኩሽ። ወዲያው ብትነሺም አትደርሺም ነበር ብለሽ እንድትጽናኚ ነው።»

ፕሮግራሙ ምንም አልነበረበትም። ያን ቀን ቢሮ ተቀምጣ ምን ስትጠግን እንደዋለች ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

«ታዲያ ሻማውን ለምን በቀትሩ ቀን አላበራሽውም? እኔ እኮ አላውቅም ነበር።»

«አንቺን መዋሸት ቻልኩ። በሱ ቀን ላይ እንዴት አድርጌ ልዋሽ?»

«ጠይቆኝ ነበር?» አለች።

«ቀኑን ሙሉ። ‹መጣች?› ይለኛል። ‹መንገድ ላይ ናት› እለዋለሁ። መጨረሻም እንደዚያው አልኩት፤ አምኖኝ ዓይኑን ከደነ።»

መርማሪዋ አንሶላውን ፊቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እናቷም «ዝም በይ» አላሏትም።