ያልተጨፈለቀው ክር

ሰባተኛ ሰፈር፣ የመኪና ዕቃ መሸጫዎቹ ጋ ሳልፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሸተተኝና ቆምኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ራጉኤል አጠገብ ያለው ጋራዥ ውስጥ ራሴን አገኘሁት።

አባቴ የምንተዳደርባትን ሚኒባስ ሞተር አውርዶ ተንበርክኳል። በሞተሩ ዋና ዘንግ ላይ ፀጉር የምታህል አረንጓዴ የሰም ክር አጋደመ፤ ዘንጉን የሚያቅፈውን ብሮንዚን ገጥሞ ብሎኖቹን አጠበቀና መልሶ ፈታ። በመሃላቸው ያለው ክፍተት የሚለካው ክሩ በተጨፈለቀው መጠን ነው። ይህ ሦስተኛ ሙከራው ነበር፤ ወደኔ ዞረ።

"እኔስ ማየት አቃተኝ። አንቺ እዪልኝ፣ የኔ እናት።"

አጎንብሼ አየሁ። "ምንም አልሆነም አባዬ! አልተጨፈለቀም፣ እንዳለ ነው!" አልኩት እየሳቅኩ።

አባቴ መሬት ላይ ዘጭ አለ። "እንዳለ ከሆነማ ክፍተቱ ሰፍቷል፤ ብረቱ አልቋል፣ ሞተሩም አበቃለት" አለ፣ ድምፁ እየሰለለ።

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ከድር ጠጋ ብለው "ዝም ብለህ ግጠምና ሽጣት፤ ማን ያውቃል?" አሉት።

"ሰው ጭና ቁልቁለት ላይ ሞተሯ ነክሶ ቀጥ ቢልስ?"

"ታዲያ ልጆችህን ምን ልታበላ ነው?"

አባቴ ዘይት በነካው እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ትከሻው ሲርገፈገፍ አየሁ። ጥፋቱ የኔ ስለመሰለኝ "እንደገና ልየው?" አልኩት።

ሚኒባሷ ተፈታታ ተሸጠች፤ አባቴም እስኪያረጅ የሰው መኪና ነዳ። አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አላነሳብኝም። እኔን ግን ያ መርዶ በሳቄ መነገሩ እስከ ዛሬ ያመኛል።