አያቴ እንደ ጅብ ሲጮሁ

ልጅ ሳለሁ ቦሌ ቡልቡላ የጤፍ ማሳ ነበር ብላችሁ አታምኑኝም። አውሮፕላኑ ከአናታችን በላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ እኔ ከሥሩ ኩበት እለቅማለሁ፤ የትምህርት ቤት ደጅ እንኳ አልረገጥኩም። ያኔ ደርግ ከወደቀ ብዙም አልቆየም።

በዚያ ክረምት ጅብ በረታችን ገብቶ በጎቻችንን በላብን። ጎረቤታችን ሁለት ወንድ ቡችሎች በቁና ይዘውልን መጡ፤ አንዱን ምረጡ ተባልን። አንዱ ጥቁር ነው፤ ሌላው ዳለቻ፣ ኩስምን ያለ። እኔ ዳለቻውን ወደድኩት። ያልተመረጠውን ወስዶ የሚያሳድግ ካልተገኘ ወንዝ ዳር እንደሚጥሉት አውቃለሁ፤ ዳለቻውን ደግሞ ማን ይወስደዋል?

አጎቴ የጥቁሩን አፍ ፈለቀቀ። «ይኸው ላንቃው ከሰል ነው! አባባ፣ ይሄ ጅብ አያስቀርብም።» የዳለቻውንም አየና ሳቀብኝ፤ «ያንቺው ደግሞ ቀይ ላንቃ! አሻንጉሊት ይሁንሽ።»

አያቴ፣ የአጎቴ አባት፣ «አፉን ተወውና ልቡን እንየው» አሉ።

እሳቸው ልብ የሚያዩት በተረት ነበር፣ ልጆቼ። ሲመሽ፣ ኩበቱ ፍም ሆኖ፣ ኩራዙም ጥግ ላይ እየጨሰ፣ ቡችሎቹን እግራቸው ሥር ለቀቁና ልጆቿን አስከትላ ስትሄድ የመሸባትን አህያ ተረት ቀስ እያሉ ያወሩልን ጀመር። ጅቡ ጋ ሲደርሱ አንገታቸውን ደፍተው «አዉዉዉ-ዉፕ!» አሉ።

ጥቁሩ ዘሎ የታናሽ ወንድሜን እጅ ነከሰ፤ ድምፁ ቆሞም አለቅም አለ፣ በግድ አላቀቅነው። ዳለቻው እዚያው ሸንቶ እንስራው ኋላ ገባ።

«ጀግናሽ ሸና!» አለ አጎቴ። እንባዬ መጣ።

«ዝም በሉ፣ ተረቱ አላለቀም» አሉና አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ። ቆይቶ ከእንስራው ኋላ አፍንጫ ብቅ አለ። ዳለቻው በሆዱ እየተሳበ መጥቶ የአያቴን ጢም አሸተተ፤ ከዚያ የሚያለቅሰው ወንድሜ አጠገብ ሄዶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ።

«አየሽ እናቴ» አሉኝ፣ «ያኛው ጅቡን ከልጁ አይለይም። ይሄኛው ፈራ፤ ግን ምን እንደሆነ ሊያይ ተመለሰ። እሱ እኛ ጋ ይቅር።»

ጥቁሩን አንድ የመጋዘን ዘበኛ ወሰደው። ዳለቻው ከኛ ጋር አረጀ። ጅብ ከዚያ ወዲያ አልመጣም ብዬ አልዋሽም፤ ይመጣ ነበር። ዳለቻውም መጀመሪያ ይሸሽና፣ ቆይቶ እየጮኸ ይመለስ ነበር።

ዛሬ ማሳው ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ እኔም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሼ ለልጅ ልጄ ያንኑ ተረት አወራለታለሁ። ጅቡ ጋ ስደርስ እንደ አያቴ እጮኻለሁ፤ እሱም እሪ ብሎ መኝታ ቤት ይገባል።

«ኧረ እማዬ፣ ልጁን አታስደንግጪብኝ!» ትላለች ልጄ።

እኔ በሩን ነው የማየው። ትንሽ ቆይቶ ጭንቅላቱ ብቅ ይላል።

«እማማ... አህያዋስ?»