አብራኝ የምትገባው ሴት

ሰበታ ውስጥ እርግዝናዬን የምከታተልበት ክሊኒክ ማዋለጃ ክፍል በር ላይ «አንድ አጋዥ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በክትትል ካርዴ የአጋዥ ቦታ ላይ የባለቤቴ ስም ተጽፎ ነበር። ስድስተኛ ወሬን ስይዝ በአጭር ሕመም ሞተ። አዋላጅ ነርሷ ይህን ስነግራት ስሙን በአንድ መስመር ሰረዘችና፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች «ታዲያ ማንን ልጻፍ?» አለችኝ። አስቤበት እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር እሱም የተዋጣለት አጋዥ አልነበረም። የምጥ አተነፋፈስ ከስልኩ እያየ ሊያለማምደኝ ሲሞክር ራሱን አዞረውና እኔ በካርቶን ሳራግብለት ቆየሁ። ቢሆንም ቦታው የእሱ ነበር።

ቦታው ክፍት መሆኑ እንደተሰማ ዕጩዎች መምጣት ጀመሩ። ቀድመው የደረሱት የባለቤቴ አክስት ናቸው፣ ከመናገሻ። ስምንት ወልደዋል፣ የብዙ ሴት ምጥ ላይ ቆመዋል፤ በልምድ የሚያህላቸው የለም። ግን ሆዴን ባዩ ቁጥር ያለቅሳሉ። እስኪወጣላቸው ድረስ እጃቸውን ይዤ «አይዞዎት» እላለሁ። ሦስት ጊዜ መጡ፣ ሦስት ጊዜ አጽናናኋቸው። አራተኛውን ምጥ ላይ ሆኜ የምችለው አልመሰለኝም።

ቀጥላ የመጣችው እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ባልደረባዬ ናት። እሷ አታለቅስም፤ እኔም እንዳላለቅስ ትከለክላለች። «ስለሱ አታስቢ፣ ለፅንሱ ጥሩ አይደለም» አለችና ስልኬን ተቀብላ የባለቤቴን ፎቶ ከስክሪኑ ላይ አነሳችው። በምትኩ የማላውቀው የፈረንጅ ሕፃን አስቀመጠችልኝ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ይስቅብኛል።

በመጨረሻ እህቴ ከአዲስ አበባ በሙያው የሠለጠነች የወሊድ አጋዥ ላከችልኝ። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ሰዓት ዘግይታ ደረሰች። ለስላሳ ልጅ ናት፣ የሚሞላ ቅጽ ይዛለች።

«መብራቱ ደብዘዝ እንዲል ትፈልጊያለሽ?»

«እዚህ መብራቱ ራሱ ደብዘዝ ይላል። አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል።»

ጻፈችው። ስለ ሙዚቃ ጠየቀችኝ፣ ስለ ሽታ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ የአባትየው ተሳትፎ ላይ ደረስን። እጅ ይይዛል፣ እትብት ይቆርጣል፣ ፎቶ ያነሳል። ጥቁር ልብሴን አየችና የምታደርገው ጠፋት፤ ቅጹን ገለበጠችው፣ በጀርባውም ለሞተ አባት የሚሆን ቦታ የለም። እሷም አለቀሰች፣ እሷንም አጽናናሁ። ደግሞም መንገዱን ሳስበው፣ እሷ እስክትደርስ ልጁ ስሙን ይናገራል።

በሳምንቱ የእድራችን ወጥ ቤት ኃላፊ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ «አዴ»፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ እያለ የሚያከብራቸው ጎረቤቴ ናቸው። የመጡት ለእኔ ሳይሆን ከለቅሶው የጎደሉ ሁለት የእድር ትሪዎች ሊፈልጉ ነው። ጎንበስ ብለው ቁምሳጥን ስር ሲያዩ የቀብሩ ዕለት ትዝ አለኝ።

ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ደረት የሚደቃውም፣ ሙሾ የሚያወርደውም ሞልቶ ነበር። እኔ መሐል ተቀምጬ ሽንቴን ይዣለሁ። ባሏን የቀበረች ሴት ከለቅሶ መሐል ተነስታ ሽንት ቤት ስትሄድ ምን ይባላል? አዴ ሰዉን ሰንጥቀው መጥተው ጆሮዬ ላይ «ልጄ፣ ሽንትሽ አልመጣም?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ብብቴን ይዘው አነሱኝና «ዞር በሉ፣ ልትወድቅ ነው!» አሉ። ሰዉ ዋይታውን ጨመረ። በዋይታው መሐል ተደግፌ ወደ ጓሮ ሄድኩ። በዚያ ሁሉ ቀን የተጽናናሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አዴ፣ ስወልድ አብረውኝ ይገባሉ?» አልኳቸው።

ከቁምሳጥኑ ስር ቀና አሉ። «ገብቼ ምን ላደርግ?»

«አጠገቤ ይቆማሉ።»

«እኔ እኮ እንደ ሰው ማልቀስ አልችልበትም። በአንቺም ለቅሶ ታምቻለሁ።»

«ለዚሁ ነው የፈለግኩዎት።»

ወደ ቁምሳጥኑ ስር መለስ ብለው አዩ። «ትሪዎቹስ?»

ትሪዎቹ እስካሁን አልተገኙም። አዴ ግን ምጤ በመጣበት ማለዳ ከነርሷ እኩል ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ወገቤን በጡጫቸው ተጭነው ያዙ፣ ነርሷ ያቀረበችላቸውን ወንበር ገፍተው ቆሙ። ምጡ ሲጠና የባለቤቴን ስም መጥራት ጀመርኩ። ነርሷ ደንገጥ ብላ «ተረጋጊ እንጂ፣ ሌላ ነገር አስቢ» አለችኝ።

«ተያት» አሏት አዴ። «ትጥራው። እዚህ መቆም የነበረበት እሱ ነው።»

እስኪበቃኝ ጠራሁት። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ። ነርሷ ጠራርጋ ደረቴ ላይ አስቀመጠቻት፤ አፍንጫዋ የአባቷ ነው። አዴ አይተው የነጠላቸውን ጫፍ ደጋግመው ያጣጥፉ ጀመር። ክብደታቸውን አንዴ በአንዱ እግራቸው፣ አንዴ በሌላው ያደርጋሉ። ከማለዳ ጀምሮ ከአጠገቤ እንዳልተንቀሳቀሱ ያኔ ገባኝ።

«አዴ» አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ «ሽንትዎ አልመጣም?»

«ኧረ ቆየ» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።