የመጫኛ ቀለብ

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣን አንድ ጉንዶ ማር፣ አንድ የበግ ለምድና አራት መጫኛ ነው። ማሩ የአባቴ፣ ለምዱ የእኔ ነበር። መጫኛ የምላችሁ አሞሌ ጨው በበቅሎ ላይ የሚታሰርበትን ረጅም ጠፍር ነው። ከአራቱ ሦስቱን የበላው ውሻችን ሲሆን፣ የአራተኛውን በላተኛ ስደርስበት እናገራለሁ። ይህ ሁሉ የወጣው ለአንድ ውሻ በቀን ስንት ቂጣ እንደሚበቃው ለመወሰን ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ነገር ከስሬያለሁ፤ በዚህ ግን ከሰርኩ ለማለት አፌ እሺ አይለኝም።

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ገበያ አዲስ መጫኛ ስገዛ፣ ሻጩ ጠፍሩን ዘርግቶ በአፍንጫዬ ሥር አሳለፈው። ያ የቆዳና የቅቤ ሽታ መከራከሬን አስረሳኝና ሰውየው የጠራውን ከፍዬ ሄድኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች ታምሜ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልታመምኩም፤ ሽታው አንሥቶ አንኮበር ጥሎኝ ነው።

ልጅ እያለሁ ቤታችን እዚያ፣ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ነበር። አባቴ የግመል ነጋዴዎች ከቆላ ያመጡትን አሞሌ አልዩ አምባ ላይ ተቀብሎ፣ በበቅሎ ዳገቱን አውጥቶ ደብረ ብርሃን ያደርስ ነበር። ጊዜው ከክፉው ቀን በፊት ነው፤ ከብቱም ገብሱም በየቤቱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሲመጣ ጎረቤታችን ይሰወርብንና መኖሩን የምናውቀው በሳሉ ነው። እኩዮቼ ያን ብርድ አትረሱትም። ለምዳችንን ፀጉሩን ወደ ውስጥ አዙረን ለብሰን፣ እጃችንን በብብታችን ሸጉጠን ነበር የኔታ ዘንድ ፊደል የምንቆጥረው። እኔ ዳዊት ሳልደግም ወጣሁ፤ የቀረውን ያስተማረኝ መንገድና ገበያ ነው።

ውሻውን ያመጣው ራሱ አባቴ ነው። ገና ቡችላ ሳለ በስልቻ ከቶ፣ በበቅሎዋ ጎን አንጠልጥሎት ከአልዩ አምባ መጣ። ቡችላው ከስልቻው ሲወጣ የታሰረበትን ጠፍር ጫፍ እያኘከ ነበርና እማዬ «ይኸ ደግሞ መጫኛ በላ!» አለች። ስሙም በዚያው መጫኛ ሆኖ ቀረ። ዳማ ነበር፤ ደረቱ ነጭ፣ አንድ ጆሮው የሚቆም፣ አንዱ የማይቆም።

አባቴ በቤታችን ለሚበላ ሁሉ ቀለብ የሚቆርጥበት አንድ ሕግ ነበረው። የሚጭን እንደ ጭነቱ ይበላል።

«በቅሎዋ አሞሌ ትሸከማለች፤ ገብሷን ትበላለች። አህያው እንጨት ይሸከማል፤ ገለባውን ይበላል። ይህ ምን ይሸከማል?» አለኝ ወደ መጫኛ እየጠቆመ።

«ይጮሃል» አልኩ።

«ጎረቤታችንም ይጮሃል። ቀለብ ግን አልቆረጥኩለትም።»

እናም ለመጫኛ ማታ ማታ ግማሽ የገብስ ቂጣ ተቆረጠለት። እሷን በአንድ ጉርሻ ይጨርስና ሌሊቱን ሙሉ እየዞረ ይጮሃል። ጠዋት ሲሆን ደግሞ የሚላስ ነገር ፍለጋ ጓዳ ለጓዳ ይሄዳል። አንድ ቀን ከጭነቱ መካከል አዲስ መጫኛ አግኝቶ በላው። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛውን ደገመ። እኔ ርቦት ነው አልኩ፤ አባቴ ጠግቦ ነው አለ። ክርክራችን ባጭሩ ይኸው ነበር። ሦስተኛው የተበላው ግን በቅሎዎቹ ሊጫኑ በተሰለፉበት ጠዋት ነበርና ጉዞው ቀረ። አባቴ አልጮኸም። እሱ የሚያስፈራው ሳይጮህ ሲቀር ነው።

«ከድር ሲመጣ ይዞት ይወርዳል» አለ።

ከድር የአልዩ አምባ ሰው፣ የአባቴ የንግድ ወዳጅ ነው። ቆላ ላይ ግመሎቹ የሚያድሩበትን ሰፈር የሚጠብቅ ውሻ ሁልጊዜ ይፈልግ ነበር። ሁልጊዜ የሚፈልገውም ውሾቹ ስለማይሰነብቱለት ነው፤ የዚያ አገር ነብር ከበግ ይልቅ ውሻ ይወዳል። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አባቴም ያውቃል። ከድር መጥቶ በመጫኛ አንገት ገመድ ሲያስገባ ያ ዋዘኛ ጭራውን እየቆላ እጁን ይልሰው ነበር።

በዚያን ዘመን የተጣሉ ሰዎች መንገድ ላይ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ አስቁመው ዳኛ ያደርጉት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እምቢ ብሎ ማለፍ ነውር ነበር። ሁለቱ ባላንጣዎች ነጠላቸውን ይቋጥራሉ፤ በነገሩ የሚተማመንም በቅሎ ወይም ማር እሰጣለሁ ብሎ ይወራረዳል። እኛ ልጆች ከገበጣ አስበልጠን የምንወደው የዚህን ጨዋታ ነበር። እንግዲህ ሌላ የማውቀው መላ ስላልነበረኝ ሮጬ የአባቴን ነጠላ ጫፍ ያዝኩና ከለምዴ ጋር ቋጠርኩት። «በሕግ አምላክ!» ብዬም ጮህኩ።

በዚያች ሰዓት አንድ ሽበታም ባላገር በበቅሎ ሆነው በደጃችን ያልፉ ነበር። ከደነባ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው በመሬት ክርክር ከችሎት ችሎት የሚመላለሱ ሰው ኖረዋል።

«ልጅ ነው፣ አባት፤ ይለፉ» አለ አባቴ አፍሮ።

«ልጅ ቢሆንስ? ሕግ ጠርቷል። እኔ በሕግ አምላክ ሲባል የማልፍ ሰው አይደለሁም» አሉና ወረዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈረድባቸው የኖሩ ሰው ለአንድ ቀን እንኳ ፈራጅ መሆኑ ሳይጥማቸው አልቀረም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ከሳሽ፣ ተናገር።»

«ይጠየቁልኝ፣ አባዬ!» አልኩ።

ከድር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እጠየቃለሁ፣ ጌታው» አለ አባቴ።

«ውሻው ጠፍር የሚበላው ርቦት ነው። ጠዋት ሙሉ ቂጣ፣ ማታ ሙሉ ቂጣ፣ በላዩም የጠላ አተላ ቢያገኝ መጫኛ በጥርሱ አይነካም። ሐሰት ከሆነ ለምዴን እሰጣለሁ። እውነት ከሆነ ማር ይስጡ!»

«ጉንዶ ማር እሰጣለሁ!» አለ አባቴ። ለሳቅ ብሎ ነው የተናገረው። ግን የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ሰምቷል፤ በዳኛ ፊት የተናገረውን ያጠፈ ነጋዴ በማግስቱ አልዩ አምባ ላይ አሞሌ በዱቤ የሚሰጠው አያገኝም። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

«ለልጁ ዋሱ ማነው?» አሉ ዳኛው።

ከዚያ ከድር «እኔ ነኝ፣ ወላሂ» አለ። ውሻውን ሊወስድ የመጣ ሰው ውሻው እንዳይሄድ ለሚከራከረው ዋስ ሆነ። እኔ ብሸነፍ ውሻ ያገኛል፤ ባሸንፍ የመንደሩን ምርቃት። ንግድ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዳኛው ቀጠሮ ሰጡ። «የራሴን ጉዳይ ጨርሼ በሳምንቱ በዚሁ እመለሳለሁ። እስከዚያ ውሻው ልጁ ባለው ልክ ይብላ። ጠፍር ከበላ ውሻው ይወርዳል፣ ለምዱም ይሄዳል። ካልበላ ማሩ ይወጣል።»

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «የሚፈጨውን ሰው የጠየቀ የለም» ብላ ገባች።

መጫኛ እንዲያ ያለ ሳምንት አይቶ አያውቅም። ጠዋት ቂጣውን ይበላል፤ ማታ ቂጣውን ይበላል፤ አተላውን ገንዳው እስኪደርቅ ይልሳል። አተላው ደግሞ የጠላ ነውና ውሻው ቀስ በቀስ ጠጪ ሆነ። ሆዱ ተወጠረ። በር ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ዶሮዎች በላዩ ይሻገሩ ጀመር። እንግዳ ሲመጣ አንድ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድነዋል። መጫኛዎቹ ግን ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ፤ እኔም ማሩን ገና ከአሁኑ በምላሴ እያጣጣምኩ ነበር። አባቴ ወደ ውሻው ተመልክቶ ፈገግ ይል ነበር። ገበያ ላይ ሌላው ሰው ዋጋ ሲሳሳት የሚያሳየው ፈገግታ ነው።

ዳኛው በሚመለሱበት ቀን ጠዋት ብነሣ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው መጫኛ የለም። ከሥሩ የተኘከ ቁራጭ ወድቋል፤ ከቁራጩ አጠገብ መጫኛ ተኝቷል። ተንበርክኬ አፉን ከፍቼ አሸተትኩት፤ አተላ እንጂ ቆዳ አይሸትም። ማን ያምነኛል ብዬ ማልቀስ ስጀምር እማዬ ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ወሰደችኝ። ጭቃው ላይ የጅብ ዱካ ነበር። በቀዳዳው ገብቷል፣ እስከ ውሻው አፍንጫ ድረስ መጥቷል፣ ጠፍሩን በልቶ በመጣበት ተመልሷል።

ሽማግሌው ሲመጡ የእሳቸው ክርክር እንደገና ተቀጥሮባቸው ኖሯል። የእኛን ለመጨረስ ቸኩለው ነበር።

«መጫኛ ተበልቷል» አለ አባቴ።

«ውሻው አልበላውም! ጅብ ነው!» አልኩ።

«እሱስ ልክ ነው። ጅቡ እራቱን ሲበላ ይህ አጠገቡ ያንኮራፋ ነበር። ታዲያ እኔ የምቀልበው ማንን ነው?»

ዳኛው ዱካውን ዞረው አዩ፤ ውሻውን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ አልነቃም። ከዚያ ተቀመጡ።

«ልጁ ረትቷል፤ ውሻው ጠፍር አልነካም። ማሩ ይወጣል። አባትም ረትቷል፤ በልጁ ቀለብ ቤቱ አልተጠበቀም። ለምዱ ይወጣል። ውሻው ጠዋት ሙሉ ቂጣ በልቶ ቀን ይተኛ፤ ማታ ግማሽ በልቶ ሌሊት ይንቃ። አተላው ለአህያው ይሁን።»

«እኔስ?» አለ ከድር።

«አንተ ዋስ ነህ። ዋስ ውሻ አይወስድም።»

እኔ ሁለት እጄን ዘርግቼ ማሩን ጠበቅኩ። ጉንዶው ወጣ፣ በእኔ በኩል አለፈና በሽማግሌው በቅሎ ላይ ተጫነ። የውርርድ ማር የዳኛው መሆኑን ለካ ማንም አልነገረኝም ነበር። በእኛ ጨዋታ ማሩ ጭቃ ነበር፤ የሚወስደውም የረታው ነው። ለምዴንም ተቀበሉኝና ይዘውት የሚሄዱ መስሎኝ ሳለ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ዘረጉት። «በዚህ ብርድ ሜዳ ላይ አድሮ ስንት ቂጣ ቢበላ ይሞቀዋል? ይኸን አንጥፉለት» ብለው ሄዱ።

እማዬ እሳቸው ከመታጠፊያው እስኪሰወሩ ጠበቀች። «ጠዋት ሙሉ፣ ማታ ግማሽ» አለች። «እኔን ብትጠይቁኝ ይህንኑ እነግራችሁ ነበር፤ ማሩም ቤታችን ይቀር ነበር።» አባቴ ያን ቀን ማታ የራሱን ጋቢ ለሁለት አጋምሶ ግማሹን በትከሻዬ ላይ ጣለው። ጋቢውን ሒሳብ ውስጥ አላገባሁትም፤ አባቴም አላገባውም።

ዛሬ ሱቄ ደብረ ብርሃን ነው፤ በሩ ላይም ውሻ አለኝ። ቀለቡ ያው የጥንቱ ነው፤ የልጅ ልጆቼ በስርቆሽ እንደሚጨምሩለት አውቃለሁ፣ እንዳላየ አልፋለሁ። ለመክሰስ የሚሹ ቢሆኑ ወረቀት ማጻፍ፣ ማኅተም ማስመታት አለባቸው፤ ለውሻ ብሎ ከበቅሎው የሚወርድ መንገደኛም አያገኙም። ሁሉም ቸኩሏል፤ እኔም ራሴ። አንዳንዴ ግን በሩ ላይ ስቀመጥ አንዱ ልጅ መጥቶ ነጠላዬን ቢቋጥረው እላለሁ።

መጫኛ ከዚያ ወዲያ ጠፍር አልበላም፤ ጅብም አላስበላም። ክፉው ቀን ሳይደርስበት፣ ሸምግሎ፣ በለምዱ ላይ ሞተ።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ማር አንድ ጉንዶ፣ ወጣ። ለምድ አንድ፣ ወጣ። መጫኛ አራት፣ ወጣ። ውሻ አንድ፣ ቀረ።